በሩ ጋ ያለው ቅርጫት

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ካፒቴን አንድ እጃቸውን ኮታቸው ውስጥ አስገብተው ሌላውን ሳያስገቡ ቆሙና «መሰላል የት ቀረ?» አሉ።

ሚጡ ሰዓቱን በደንብ ታስታውሰዋለች። ፊታቸውን ላለማየት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ዲጂታል ሰዓት ስታይ ነበር። ያሉበት ቦታ ከአዳራሹ መቀመጫዎች ሥር ያለው፣ ተጫዋቾች ወደ ሜዳ የሚወጡበት ኮሪደር ነው። አዲስ ቀለምና የጎማ ጫማ ይሸታል። ከላያቸው ሕዝቡ እየገባ ስለሆነ ጣሪያው በእግር ኮቴ ይንጓጓል።

«መጀመሪያ ኮቱን ይልበሱት፣ ጋሼ» አለች ባዶውን እጅጌ ይዛ።

«ለብሻለሁ እኮ።»

«ግማሹን ነው የለበሱት።»

«ግማሹ ለእኔ ይበቃኛል። ሌላውን ለአባትሽ ትቼለት ነው።» ሳቁ። ከዚያ ኮሪደሩን እስከ ጫፍ ድረስ ቃኙት። «ግን የት ቀረ ያ ረጅም? እሱ አርፍዶ አያውቅም።»

መሰላል የሚጡ አባት ነው። በቁመቱ ምክንያት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የገባ ቀን ያወጡለት ስም ነው፤ ከዚያ በኋላ እናቷ እንኳ በዋና ስሙ ጠርታው አታውቅም። ከሞተ ሁለት ወር አልፎታል። ካፒቴን ቀብሩ ላይ ነበሩ። ከሁሉም በላይ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው፤ ሰዎች ደግፈው ነው ወደ መኪና የመለሷቸው። አሁን ግን ያ ቀን ከራሳቸው ውስጥ ወጥቶ ሄዷል። ዕድሜያቸው ገና ስድሳዎቹ ውስጥ ነው፤ ሐኪሙ ግን በሽታው ዕድሜ አይጠይቅም ብሏል።

ሚጡ ሁለተኛውን እጅጌ አለበሰቻቸውና ቁልፉን ቆለፈችላቸው።

ዛሬ የሊጉ ሠላሳኛ የውድድር ዘመን የሚከፈትበት ቀን ነው። ካፒቴን የተጠሩት በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያውን ቅርጫት ያስቆጠሩ ሰው ተብለው ነው። ሜዳው መሐል ቆመው ጥቂት ቃል ይናገራሉ፤ ከዚያ የመክፈቻውን ኳስ ወደ ላይ ይወረውራሉ። በየጋዜጣው፣ በየቴሌቪዥኑ እንደዚያ ነው የሚባለው፤ የመጀመሪያው ቅርጫት የካፒቴን ነው።

ሚጡ ግን ሌላ ታሪክ እየሰማች ነው ያደገችው።

ሊጉ ሲጀመር አራት ፋብሪካዎች ብቻ ነበሩ። ጨርቃ ጨርቅ፣ ሲሚንቶ፣ ጎማና ሳሙና። ተጫዋቾቹ ከፈረቃ ወጥተው፣ ፀጉራቸው ላይ ጥጥና ሲሚንቶ እንደያዙ ነበር ሜዳ የሚገቡት። ደሞዝ የለም። ያሸነፈ ቡድን ከሳሙና ፋብሪካ አንድ ካርቶን ሳሙና ይሰጠዋል። «ያሸነፍን ሳምንት ሰፈሩ በሙሉ ያንጸባርቅ ነበር» ይል ነበር አባቷ። «ስንሸነፍ ደግሞ እንደምታውቂው ነው፣ ውሃ ብቻ።»

የመጀመሪያው ጨዋታ የተደረገው ጨርቃ ጨርቅ በሚለማመድበት የድሮ የጥጥ መጋዘን ውስጥ ነው። መጋዘኑ ለዓመታት አንድ ቅርጫት ብቻ ነበረው፣ በሩ ጋ። የብየዳ ክፍል ሰዎች ከበርሜል አፍ የቆረጡት ቀለበት ነው። ሁለተኛው ቅርጫት የተሰቀለው የጨዋታው ዕለት ጠዋት ነበር፤ የሰሌዳው ቀለም እንኳ አልደረቀም። ዕጣ ሲወጣ ጨርቃ ጨርቅ አዲሱን ቅርጫት እንዲያጠቃ፣ በሩ ጋ ያለውን ደግሞ እንዲከላከል ሆነ።

«ኳሷ እጄ ገባች» ይላል አባቷ፣ እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ ከወንበሩ ይነሳል። «ከዚያ በኋላ ጭንቅላቴ የለም፤ የሮጠው እግሬ ነው። ያ እግር ስንት ዘመን ወደዚያ በር ሲሮጥ የኖረ እግር ነው! ሰው ይጮሃል። የሚያበረታቱኝ መሰለኝ። ካፒቴን ፊቴ ቆሟል። የሲሚንቶ ካፒቴን፣ ትከሻው በር የሚያህል ሰውዬ። እሱ ግን አልከለከለኝም። እንዲህ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ "ይግቡ ጌታዬ" ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ!»

«ከዚያስ?» ትላለች ሚጡ፣ መቶ ጊዜ ብትሰማውም።

«ከዚያማ ገባሁ። አገባሁ። በራሳችን ቅርጫት።»

ሁለት ነጥብ ለሲሚንቶ ተቆጠረ። ተጫዋች ተሳስቶ በራሱ ቅርጫት ካገባ፣ ነጥቡ የሚመዘገበው ሜዳ ላይ ባለው የተጋጣሚ ካፒቴን ስም ነው፤ የጨዋታው ሕግ እንደዚያ ይላል። ስለዚህ ካፒቴን ያልነኳት ኳስ በስማቸው ተጻፈች። ጨርቃ ጨርቅ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። መሰላል ለአንድ ወር ያህል የምሳ አዳራሽ መግባት አልቻለም፤ በገባ ቁጥር ሴቶቹ ከፈተል ክፍል ድረስ መጥተው «ይግቡ ጌታዬ!» እያሉ መንገድ ይለቁለት ነበር።

ካፒቴን ግን ያን ዕለት ማታ ሊያጽናኑት ቤቱ ድረስ መጡ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም።

ሊጉ አደገ። አራቱ ስምንት ሆኑ፣ ስምንቱ አሥራ ሁለት። ክለቦች ደሞዝ መክፈል ጀመሩ። ከውጭ አሠልጣኝ መጣ፣ ከዚያ ከውጭ ተጫዋች መጣ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። ከዚያ ደግሞ መመሪያ መጣ። ወንበር ያለው አዳራሽ የሌለው፣ የኤሌክትሪክ ሰዓት የሌለው፣ የታዳጊ ቡድን የሌለው ክለብ ሊጉ ውስጥ አይቆይም ተባለ። ጨርቃ ጨርቅ አንዱም አልነበረውም። ቡድኑ ሲፈርስ መሰላል ማልያውን አጥቦ አስረከበና ወደ ፈተል ክፍል ተመለሰ። በኋላ የገደለው ሳል የጀመረው እዚያ ነው።

ግን በየዓመቱ የመክፈቻው ቀን ሁለቱ ጓደኛሞች ላይኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አስተዋዋቂው የመጀመሪያውን ቅርጫት ታሪክ ሲያነብ ካፒቴን በክርናቸው ይጎሽሙታል፣ መሰላል አፉን በእጁ ይይዛል፣ ሁለቱም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ። ሚጡ ከመሐላቸው ሆና አይታለች። በዚያ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ አባቷ የነበረው ድርሻ ያ ሳቅ ብቻ ነበር። እዚያ ካለው ሰው የሳቁን ምክንያት ሌላ የሚያውቅ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ካፒቴን ሬዲዮ ላይ ቀረቡ።

ሚጡና እናቷ ሳሎን ነበሩ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌዎቹን በከንፈሯ ይዛ የሰው ሱሪ እያሳጠረች ነበር። ጋዜጠኛው «የመጀመሪያውን ቅርጫት ያስታውሱታል?» ሲል ካፒቴን ሳይቸገሩ ጀመሩ። «እንዴት አላስታውስም! ኳሷ እጄ ገባች። ከዚያ በኋላ ጭንቅላቴ የለም፤ የሮጠው እግሬ ነው። ሰው ይጮሃል...»

ሚጡ ብድግ አለች። «የአባዬ ነው! የአባዬን ቃል ነው የሚናገሩት!»

እናቷ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካች። «አውቀው አይደለም፣ ልጄ። በሽታው ነው።»

«ይሁና! ታዲያ እውነቱን ማን ሊናገር ነው? ካሁን በኋላ የሚያውቀው ሰው የለም እኮ!»

«እውነቱ ምንድን ነው? በራሱ ቅርጫት አገባ መባል ክብር ነው እንዴ?» እናቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ። አባትሽ በሕይወት እያለ ቢሳቅበት ምንም አይደለም። አብሮ ይስቃል። አሁን ማን አብሮ ይስቅለታል?»

ሚጡ በሩን ወርውራ ወደ ካፒቴን ቤት ሄደች።

የካፒቴን ልጅ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቤታቸው ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ነው። ሚጡ ስትደርስ ካፒቴን አንዱ መስታወት ፊት ተቀምጠው ነበር። ከጎናቸው አንዲት ደንበኛ ፀጉሯን ጠቅልላ መድረቂያው ሥር ታንጎላጃለች። ሚጡ ሰላም እንኳ አላለችም።

«ያቺ ኳስ የአባቴ ናት» አለች።

«የትኛዋ ኳስ?»

«የመጀመሪያዋ! እርስዎ አልነኳትም። አባቴ ነው ያገባት። አባቴ ስለሞተ ነው እንደፈለጋችሁ የምታወሩት!»

ካፒቴን በመስታወቱ ውስጥ አዩዋት። ፊታቸው ቀስ ብሎ ነው የተለወጠው።

«መሰላል ሞተ?» አሉ።

ሚጡ በዚያች ቅጽበት ቃሏን መልሳ ልትውጠው ፈለገች።

«መቼ? ማን ነገረሽ? ለምን አልነገራችሁኝም?» ተነስተው ወንበሮቹ ሥር ጎንበስ እያሉ መፈለግ ጀመሩ። «ጫማዬን! ጫማዬን አምጡልኝ፣ ቀብሩ ሊያመልጠኝ ነው!»

ልጃቸው እጇ ላይ የፀጉር ቀለም እንዳለ ከጓዳ ሮጣ መጣችና አቀፈቻቸው። ደንበኛዋ ነቅታ ዓይኗን መስታወቱ ላይ አፍጥጣለች። እሳቸው እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቁ «ትናንት አብረን ነበርን እኮ፣ ትናንት» ይላሉ። እስኪረጋጉ ብዙ ቆየ።

በኋላ ደጃፍ ላይ ፀጉር ሠሪዋ እጇን በፎጣ እየጠረገች «ሚጡዬ» አለች፤ አልተቆጣችም። «እኔ ሁለቴ ነግሬአቸዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ እንደ አዲስ ነው ያለቀሱት። ሦስተኛ አልነግራቸውም ብዬ ወስኜ ነበር።»

«አላወቅኩም።»

«አውቃለሁ እንዳላወቅሽ። ነገ ይረሱታል። የእኔና የአንቺ ሆኖ ይቀራል።» ፎጣውን አጣጠፈችው። «ቅዳሜ አብረሻቸው ትወጫለሽ? ሜዳው ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚፈቀደው። "የመሰላል ልጅ ካልሆነች አልሄድም" ብለዋል።»

ሚጡ እሺ አለች። እሺ ያለችው ግን ለካፒቴን ብላ ብቻ አልነበረም። ሜዳው ላይ ማይክ እንደሚኖር ታውቃለች።

ትምህርት ቤት ለአላርም ነገረቻት። አላርም የክፍሏ ልጅ ናት፤ ድምጿ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ስለሚሰማ ነው ስሙ የወጣላት።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች አላርም። «ማይኩን ላፍ ነው! "ሰላም ነው ሕዝቤ፣ ያቺ ኳስ የፋዘሬ ናት" በያ! እኔ እቀርጽሻለሁ፣ በአንድ ቀን አገር ያየዋል። አባቴ ይሙት እኔ ብሆን...»

እዚያ ላይ ቆመች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። ልጆቹ ሁሉ የሚምሉት እንደዚያ ነው፤ ሚጡም ድሮ በቀን አሥር ጊዜ እንደዚያ ትምል ነበር።

«ሶሪ» አለች አላርም፣ ከዚያ በፊት ተናግራበት በማታውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ።

«ችግር የለውም» አለች ሚጡ። ቀኑን ሙሉ ግን አልተነጋገሩም።

ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጣ እናቷ በር ላይ ያዘቻት። የቀሚሷን አንገት አስተካከለችላትና እጇን እዚያው ላይ አቆየችው።

«አፌን አልከፍትም በይኝ።»

«እማዬ...»

«በይኝ።»

«አልከፍትም» አለች ሚጡ።

ኮሪደሩ ውስጥ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ያደረገች የሊጉ አስተባባሪ እየሮጠች መጣች። «የልጅ ልጃቸው ነሽ? ጥሩ። እንግዲህ አስተዋዋቂው አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቃቸው። ሬዲዮ ላይ የተናገሩትን ይድገሙት፣ በጣም ቆንጆ ነበር። ከዚያ ኳሱን ይወረውራሉ፣ አለቀ። ቀጥታ ሥርጭት ነው፣ እባክሽ እንዳይረዝም። አሁን እንወጣለን።»

ካፒቴን አልተንቀሳቀሱም። የውሃ ጠርሙስ የተደረደረበት ሣጥን ላይ ሄደው ተቀመጡ።

«ያለ መሰላል አልወጣም።»

«ማነው መሰላል?» አለች አስተባባሪዋ።

«እንደዚያማ አይሆንም» አሉ ካፒቴን ለሚጡ ብቻ እንደሚናገሩ ሆነው። «ሁሌም አብረን ነው። ታሟል እንዴ? ያ ሳሉ ብሶበት ነው? ደብቀሽኝ እንዳይሆን።»

አስተባባሪዋ ሰዓቷን አየች፣ ሚጡን አየች። ሚጡ ሣጥኑ አጠገብ ተንበረከከች። ያ የፀጉር ቤቱ መስታወት፣ ያ ፊት፣ ያ «ጫማዬን አምጡልኝ» ትዝ አላት።

«ላይ ነው ያለው፣ ጋሼ» አለች። «ቦታችሁን ይዞ ተቀምጧል።»

«ኧረ? ያለ እኔ ገባ?»

«ቀደም ብሎ ነው የመጣው።»

«ይሄ ሌባ!» ፊታቸው በራ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። «ቆይ፣ አገኘዋለሁ።»

ሚጡ ተከተለቻቸው። ከኮሪደሩ ሲወጡ ለአንድ አፍታ እሷም ራሷ ላይኛውን ረድፍ ቀና ብላ ልታይ ነበር።

ሜዳው ላይ መብራቱ ያጥበረብራል። ከላይ የተንጠለጠለው ትልቅ ስክሪን የሊጉን ታሪክ ያሳያል፤ የፋብሪካ ጭስ፣ ያረጁ ፎቶዎች፣ ዋንጫ፣ ርችት፣ የውጭ ተጫዋቾች ቅርጫቱ ላይ ተንጠልጥለው። «ጨርቃ ጨርቅ» የሚለው ስም አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ጠፋ። ሚጡ ዓይኗን ብትጨፍን ያመልጣት ነበር። ከዚያ መብራቱ መሐል ላይ አረፈ፣ አስተዋዋቂውም በሚያብረቀርቅ ኮቱ እየተራመደ መጣና የካፒቴንን ስም ጠራ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«ካፒቴን! በመጀመሪያው የውድድር ዘመን፣ የመጀመሪያዋ ቅርጫት! እስቲ ለዚህ ትውልድ ይንገሩት!»

ካፒቴን ማይኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

«ያኔ አንድ ቅርጫት ብቻ ነበረን» አሉ። «በሩ ጋ።»

ሚጡ ደነገጠች። ይህን ሬዲዮ ላይ አልተናገሩትም ነበር። አንድ ቅርጫት የነበረው ጨርቃ ጨርቅ ነው እንጂ ሲሚንቶ አይደለም።

«ሁለተኛውን የሰቀሉት የዚያን ዕለት ጠዋት ነው፣ ቀለሙ አልደረቀም። ኳሷ እጄ ገባች። ከዚያ በኋላ ጭንቅላቴ የለም፤ የሮጠው እግሬ ነው። ሰው ይጮሃል፣ የሚያበረታቱኝ መሰለኝ! ካፒቴን ፊቴ ቆሟል። ጎንበስ ብሎ "ይግቡ ጌታዬ" አለኝ። እኔም ገባሁ! አገባሁ! በራሳችን ቅርጫት!»

ሳቁ። ወደ ላይኛው ረድፍ ቀና ብለው ብቻቸውን ሳቁ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሚጡ አጠገባቸው ቆማ የአባቷን ቃል በሌላ ሰው ድምፅ ሰማች፤ አንዲት ቃል አልጎደለችም፣ እሱ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ላይ እንኳ ትንፋሽ ወሰዱ።

ከመቀመጫዎቹ እዚህም እዚያም ሳቅ ተሰማ።

«በራስዎ ቅርጫት?» አለ አስተዋዋቂው፣ ፈገግታው ሳይጠፋ። «ታዲያ ካፒቴን፣ ነጥቡ ለማን ተቆጠረ?»

«ለካፒቴኑ ነዋ።»

«ካፒቴኑማ እርስዎ ነዎት!»

አዳራሹ ሳቀ። ካፒቴን አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። «እኔ... አይ፣ ካፒቴኑ ያኛው ነው። መንገድ የለቀቀው። እኔ ደግሞ...» ኮታቸውን ወደ ታች አዩ፣ ምን ቡድን እንደሆኑ እዚያ ላይ የተጻፈ ይመስል። «ማን ነበር ካፒቴኑ?»

ከታችኛው ወንበር አንድ ጎረምሳ «ጃጅተዋል እኮ! ያሳርፏቸው!» ብሎ ጮኸ። ሌሎች ሳቁ። ጥቂት ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው መቅረጽ ጀመሩ። የካፒቴን እጅ የሚጡን እጅ ፈልጎ አገኘውና ጨመቀው።

አስተዋዋቂው መጥፎ ሰው አልነበረም። ሊያድናቸው ፈለገ። ማይኩን ቀስ ብሎ ወስዶ ወደ ሚጡ ጎንበስ አለ። «እሺ፣ ልጃችን ትመስክር! አባባ እየቀለዱብን ነው፣ አይደል?»

አዎ ማለት ብቻ ነበር። አንድ ቃል። ካፒቴን ቀልደኛ ሽማግሌ ሆነው ይጨበጨብላቸዋል፣ ለእናቷ የገባችው ቃል ይጠበቃል፣ በአባቷም ማንም አይስቅም። ማንም አያውቀውማ።

እናቷ ቤት ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ታየቻት።

«አይደለም» አለች ሚጡ። ድምጿ ከጣሪያው ተመልሶ መጣባት፣ የራሷ አልመስል አላት። «እየቀለዱ አይደለም። የነገሯችሁ እውነት ነው። ግን የአባቴ ነው። ያቺን ኳስ ያገባው አባቴ ነው፣ የጨርቃ ጨርቅ ተጫዋች፣ መሰላል። ተሳስቶ ነው በራሱ ቅርጫት ያገባው። ካፒቴን መንገድ የለቀቁለት ናቸው። በሕጉ በስማቸው ተጻፈ። ጓደኛሞች ናቸው።»

ለአንድ አፍታ የሰማው ሰው የለም ብላ አሰበች። ከዚያ ሳቁ መጣ። ካፒቴን ላይ እንደሳቁት ዓይነት አልነበረም፤ ከአንዱ ጥግ ተነስቶ እስከ ሌላው ጥግ የሚሄድ፣ ሰው አጠገቡ ያለውን እየመታ የሚስቀው ሳቅ ነው። በራሱ ቅርጫት! የሊጉ የመጀመሪያ ቅርጫት! አስተዋዋቂው ራሱ ዓይኑን ጠረገ።

ሚጡ ሳቁ እስኪያልቅ ቆመች። አብራ ልትስቅ ሞከረች። አፏ እምቢ አላት።

«አዎ! እሱ ነው!» አሉ ካፒቴን በድንገት፤ የጠፋባቸውን ዕቃ እንዳገኙ ሁሉ። «መሰላል ነው! ያውና ላይ ተቀምጧል!» እጃቸውን አንስተው ወደ ላይኛው ረድፍ አወዛወዙ። አንዳንድ ሰዎች ዞረው አዩ፣ ጥቂቶቹም አጨበጨቡ። የዞሩበት ቦታ ላይ አንዲት ሴት ልጇን ጡት እያጠባች ነበር።

ካፒቴን ኳሱን ወረወሩ። ጨዋታው ተጀመረ።

ሚጡ ማታ ቤት ስትገባ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። እናቷ ማሽኑ ላይ አጎንብሳ ትሰፋለች፤ ቀና አላለችም። «ምግብ ምድጃው ላይ ነው» አለችና መስፋቷን ቀጠለች። እሑድም እንደዚያው ዋለ። አላርም አሥር ጊዜ ደወለች፤ ሚጡ አላነሳችም። አላርም የቀረጸችውን ቪዲዮ ላከችላት፣ ሳትከፍት አጠፋችው።

ሰኞ ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ስትደርስ እናቷ ከኋላዋ ተናገረች።

«ሲስቁለት አዳራሹ ሙሉ ነበር?»

«ሙሉ ነበር።»

«ሙሉ» አለች እናቷ። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሌላ ጨርቅ ሳበች።

ሚጡ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፀጉር ቤቱ በኩል አለፈች። ካፒቴን መስታወቱ ፊት ተቀምጠው ነበር። ቅዳሜን አላስታወሱም። «የመሰላል ልጅ!» አሉ። «አባትሽስ?»

ፀጉር ሠሪዋ መቀሷን ይዛ ቆመች።

ሚጡ ከጎናቸው ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሥራ ላይ ነው» አለች። «የመጀመሪያውን ጨዋታ ይንገሩኝ እስቲ፣ ጋሼ።»

ከዚያ በኋላ በየሰኞው ትሄድ ነበር። ካፒቴን ያረፉት በዚያው ዓመት ክረምት፣ ሊጉ ለዕረፍት ከተዘጋ በኋላ ነው። ፌዴሬሽኑ የመጀመሪያውን ጨዋታ መዝገብ አልቀየረውም፤ ሕጉ ስለማይፈቅድ ቅርጫቷ ዛሬም የምትገኘው በካፒቴን ስም ነው።